ደጅ የተሰጣው ቡና

ከሚዛን ወደ ሸኮ በሚኒባስ ስንሄድ ዝናቡ ወረደ። ከኋላዬ አንዲት እናት ጮኹ።

«ወይኔ ቡናዬ! ደጅ አስጥቼ ነው የወጣሁት!»

«ጎረቤት ያነሳልዎታል፣ እማማ» አላቸው አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት።

«የእኔ ጎረቤት? በአጥር ተጣልተን ሁለት ዓመታችን። ክፉ ናት!»

«እርስዎስ የእሷን አንስተውላት ያውቃሉ?»

«አምና ሲዘንብበት አይቼ በሬን ዘጋሁ።»

ወዲያው ልጃቸው ደወለች።

«ማን ሸፈነው? እሷ? በራሷ ሸራ? የእሷስ ቡና? ... ረጠበ?»

ስልኩን ዘግተው ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ሰውን አንዱን አዛኝ፣ አንዱን ክፉ የሚያደርገው ምን ይሆን ልጄ?»

«እኔ እንጃ፣ እማማ። ግን ክፉዋ ማን ነበረች?»

ሳቃቸው መጣ።

«እኔ ነኛ! እንደደረስኩ ቡናዋን አብሬያት አገላብጣለሁ።»

እኔም ከሚዛን ጀምሮ በክርኔ ስገፋው ለመጣሁት ተሳፋሪ ቀስ ብዬ ጠጋ አልኩለት።