ወንድሜ የሳለው በር

ሳሎናችን ጠባብ ስለነበር ወንድሜ ቶሌራ ሰፊ እንዲመስል ብሎ ጠዋት ግድግዳው ላይ አረንጓዴ በር ሳለ። እውነተኛ በር ነው የሚመስለው። ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ካድሬ ከአብዮት ጠባቂ ጋር ገባ፤ ነቀምት ውስጥ በየግድግዳው ፀረ አብዮት ጽሑፍ የሚጽፈውን ሰው ነበር የሚያድኑት። «በዚያ በር ሰው እንዳያመልጥ» ብሎ ጠባቂውን ወደ ጓሮ ላከው። ጠባቂው ተመልሶ «ጓድ፣ በጓሮ በኩል በር የለም» አለ። ካድሬው ሊከፍተው እጁን ቢሰድ ጣቱ ግድግዳ መታ። የሳቀ የለም።

«ማነው የሳለው?»

ቶሌራ አጠገቤ እንደተቀመጠ አቀረቀረ። እናቴ «አባታቸው ናቸው፤ ካረፉ ሰባት ዓመታቸው» አለች። ካድሬው ጣቱን አየ፤ ቀለሙ ስላልደረቀ አረንጓዴ ሆኗል። ቶሌራን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ጣቱን በመሃረቡ ጠርጎ «ነፍስ ይማር» አለና ወጣ። እናቴ ጭቃ አቡክታ በሩን መረገችው።