ወደ ብርሃን የሚያዘነብል ሰው

ባልደረቦቿ ሳቂታ ይሏታል። ያን ቀን ጠዋት ወደ ላቦራቶሪው ስትገባ ግን ሳቋ ከወትሮው ብሶባት፣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር የምታፍነው። የለፋችበት ሙከራ ከዛሬ ጀምሮ በእሷ መሪነት እንዲቀጥል የላቦራቶሪው ኃላፊ ወስኗል። እስከ ትናንት የቡድኑ መሪ የነበረው ሰውዬ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ፣ መስኮቱ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ ይከታል።

ሳቂታ ጋዋኗን አጠለቀችና የብርጭቆ ቱቦ የምትደረድረው ጓደኛዋ አጠገብ ቆመች። ድምፅዋን ግን ለጓደኛዋ ጆሮ ብቻ አልመጠነችውም።

«እንዴት አደርሽልኝ እታለም? ልጆቹስ ደህና? አየሩ ደግሞ ዛሬ እንዴት ደስ ይላል! መስኮቱ ላይ ያለችውን ተክል አየሻት? አንገቷን ወደ መስታወቱ ጥምዝዝ አድርጋ! የዚሁ አይጦቹ ላይ የምንሞክረው ሆርሞን ሥራ እኮ ነው፤ ብርሃን ወዳለበት እንድታዘነብል የሚያደርጋት። ሰው ግን ይሄ ነገር የለውም ይላሉ... እውነት ይሆን? አንዳንዱ እኮ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ካሜራው በየት በኩል እንዳለ ያውቃል... ኧረ እኔ ስለ ተክል ነው የማወራው!»

መስኮቱ ሥር ካርቶኑ ተንኮሻኮሸ።

«አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ትሕትናው! "እኔ" ማለት አይሆንለትም... ሥራ ሲኖር። አይጦቹን ማን ይመግብ? እኔ። ከደማቸው ነጭ የደም ሴሎቹን ማን ይለይ? አንቺ። እሱም ቢሆን መቼ ተለየን? በሩ ላይ ቆሞ "በርቱ!" ይለን የለ? ቃሉ ብቻ ስንቅ ነው! "በሰው ወርቅ አይደምቁም" ያለው ማን ነበር? መጥቶ ትናንት መድረኩን ባየ! ኧረ እንዴት አድርጎ ነው የሚያደምቀው!»

ትናንት ሰውዬው በእንግዶች ፊት የሳቂታን ውጤት «ያገኘሁት» እያለ አቅርቦ ነበር። የአይጦቹ የመከላከያ ሴሎች የተክሉ ሆርሞን በጥቂቱ ሲሰጣቸው፣ ከውስጥ የሚያቃጥላቸው ኦክሲዴቲቭ ስትረስ እንዴት እንደሚበርድላቸው በሥዕል አሳየ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ አንዲት የእንስሳት ሐኪም እጇን አወጣች። በእርባታ ጣቢያዋ የታመሙ ጥጆች አሏት፤ ሆርሞኑን ልትሞክርላቸው አስባለች። «መጠኑ ከፍ ቢልስ?» ስትል ጠየቀች።

ሳቂታ የሰውዬውን መልስ ስታስታውስ ሳቋ አመለጣትና ጠረጴዛውን ተደገፈች።

«ወይ ቅንነት! "ይበልጥ ይበረታሉ" አይል መሰለሽ! በአንድ ቃል የሞተውን ሁሉ አስነሳው እኮ! መጠኑ ሲያልፍ እሳቱ መልሶ ነድዶ ሴሎቹን ሲጨርሳቸው፣ እኔና አንቺ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተን ሬሳ ስንቆጥር አልነበር? ማር ሲበዛ ይመራል ይላሉ... ላልቀመሰው ግን ምኑ ይመረዋል? ቆጠራማ ይችልበታል፤ ስማችንን ሲቆጥር አላየሽም? ከራሱ ጀምሮ "አንድ" አለና... አበቃ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ ነበር የጥንት ሰዎች፤ እኛ ዘንድ ተገለበጠና በዳዋው ጦስ አይጧ አልቃ፣ ጥጃ ሊከተላት! ብቻ ፈጣሪ ጠያቂ አያሳጣን።»

ይሄን ስትል ሳቋ ለአፍታ ቀጥ አለ። ትናንት ኃላፊው ወደ እሷ ዞሮ «እስቲ አንቺ ተናገሪ» ሲላት፣ ዓይኗን ከማስታወሻዋ ሳትነቅል ነበር የሞቱትን ሴሎች ነገር የተናገረችው። ሐኪሟ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ «ጥጆቼን አተረፍሽልኝ» ብላታለች።

ሰውዬው ካርቶኑን ታቅፎ መጣና አጠገቧ ሲደርስ ቆመ። ጆሮው ቀልቷል። ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀ። ሳቂታ ሆዷ ባባ፤ ገና ስትቀጠር ምሳውን ያካፈላት እሱ ነበር። «ይቅርታ» ካለኝ ሁሉንም እተወዋለሁ ብላ አሰበች። ዓይኗ ግን ካርቶኑ ላይ አረፈ። የእሷ ሥዕል፣ ያ የትናንቱ፣ ተጠቅልሎ ከማንኪያና ከጫማ መሃል ብቅ ብሏል። ሰውዬው ወዴት እንደምታይ ሲያውቅ ክርኑን ከፍ አድርጎ ጋረደው።

ሳቋ ተመለሰ። ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት፤ ፊቷን ግን ከጓደኛዋ አልመለሰችም።

«እታለም፣ መንገደኛ ሳይመረቅ ይሸኛል እንዴ? በይ እጅሽን ዘርጊ። ፈጣሪ በሄደበት ሁሉ ሞገስ ይስጠው። ሰፊ ቢሮ፣ ያማረ ወንበር ይስጠው። ደግሞ ብቻውን አይተወው፤ ልክ እንደ እሱ ያለ፣ ቁርጥ እሱን የመሰለ ባልደረባ ከጎኑ ያስቀምጥለት... ዕድሜ ልኩንም አይለየው! አሜን በይ እንጂ!»