ሁለተኛው ሹፌር

(ናይሮቢ፣ የመኪና ኪራይ ቢሮ ግቢ፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ ይትባረክ ትርሲትን ከአባቷ እንዲጠይቁለት አጎቱን ጋሽ ወንድይራድን ለሽምግልና ከአዲስ አበባ ይዟቸው መጥቷል።)

ጋሽ ወንድይራድ፦ ቁልፉን ስጠኝ አልኩህ እኮ!

ይትባረክ፦ አልሰጥም ጋሼ። አይቆጡኝ፤ ግን አልሰጥም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ መንዳት ካንተ ልማር? አንተ ሳትወለድ ቮልስ ስነዳ ነበር።

ይትባረክ፦ ቅድም በየትኛው በር ነው የገቡት?

ጋሽ ወንድይራድ፦ በሹፌር በር ነዋ።

ይትባረክ፦ በግራ በር ነው የገቡት። ተደላድለው ከተቀመጡ በኋላ “መሪውን ፈትተው ወስደውታል፣ ና እይ” ብለው ጠሩኝ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ እነሱ በቀኝ ካስቀመጡት እኔ ምን ላድርግ? አንዴ ካወቅኩት አይጠፋኝም።

ይትባረክ፦ እዚህ አገር አደባባዩም የሚዞረው በተቃራኒው ነው። እሺ፣ እሱን እንኳ ይለምዱታል እንበል። ኢንሹራንሱ የሚሠራው ስሙ ለተመዘገበ ሹፌር ብቻ ነው። የተመዘገብኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እርስዎ ይዘዋት አንድ ቦታ ብትጫር ኢንሹራንስ የላትም ማለት ነው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ እኔንም አስመዝግበኛ!

ይትባረክ፦ ጠየቅኩ። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው አንመዘግብም አለች የቢሮዋ ልጅ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ሰባ ማለፌን ማን ነገራት?

ይትባረክ፦ ፓስፖርትዎ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ጉድ ነው። ዕድሜህ ገፍቷል፣ ትከበራለህ፣ ሽማግሌ ሁነን ብላችሁ አመጣችሁኝ። እዚህ ደግሞ ዕድሜህ ገፍቷል፣ ከመሪው ውረድ።

ይትባረክ፦ እኔ እነዳለሁ አልኩዎ እኮ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ከዚያስ? ሽማግሌ ልኮ ከሽማግሌ ጋር አብሮ የሚመጣ ሙሽራ አይተህ ታውቃለህ? አባቷ አቶ ልሳነወርቅ በሩን ሲከፍት አንተ መሪ ይዘህ ቁጭ ብለሃል። ምን ልለው ነው? “ልጅህን የሚፈልጋት ልጅ ይኸውልህ፣ ሹፌራችንም እሱው ነው” ልበለው?

ይትባረክ፦ ናይቫሻ፣ የአባቷ አበባ እርሻ ልንደርስ ስንል ከኋላ ወንበር እተኛለሁ። ጋቢዎን ይጥሉብኛል።

ጋሽ ወንድይራድ፦ መኪናዋን ማን ሊያስገባት?

ይትባረክ፦ እሱን አላሰብኩትም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ጋቢ ለብሰህ ተኝተህ! አስከሬን ይዤ ሚስት ልጠይቅ? ይልቅ ታክሲ ጥራልኝ።

ይትባረክ፦ የአበባው እርሻ ከአስፋልቱ በጣም ገባ ያለ ነው። ሲመለሱ ታክሲ አያገኙም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ከዚሁ ሹፌር ቅጠርልኛ።

ይትባረክ፦ ለዛሬ ሹፌር የለንም አሉ። አንዴ ይጠብቁኝ ጋሼ፣ መጣሁ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ደግሞ ወዴት ነው? አብረውኝ የሚገቡት ሁለቱ ሽማግሌዎች እኮ ናይቫሻ ላይ እየጠበቁኝ ነው!

ይትባረክ፦ የመስታወቱን ኢንሹራንስ አልገባሁም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ቅድም ገባሁ አላልከኝም?

ይትባረክ፦ እሱ የፊቱ ነው። የጎኑ ለብቻው ነው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ የጎማውስ?

ይትባረክ፦ ገብቻለሁ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ የስርቆቱስ?

ይትባረክ፦ እሱንም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ መጨረሻ ቢሮው የገባህ ጊዜስ? ልጅቷ እንባዋ እስኪመጣ ስትስቅ እስከዚህ ድረስ ሰምቻታለሁ።

ይትባረክ፦ ምንም አይደለም። ስለ ዝንጀሮ ጠይቄያት ነው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ስለ ምን?

ይትባረክ፦ መንገዱ ላይ ዝንጀሮ አለ ጋሼ! መኪና ሲቆም ኮፈኖ ላይ ይወጣል። ስፖኪዮ ይገነጥላል። ዝንጀሮ ለሚያደርሰው ጉዳት ኢንሹራንሱ ይከፍላል ወይ ብዬ ነው የጠየቅኳት።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ምን አለችህ?

ይትባረክ፦ አለቃዋን ጠራችው። እሱም ሳቀ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ና እስቲ እዚህ ተቀመጥ።

ይትባረክ፦ አልቀመጥም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ እሺ፣ ቁም። ግን አንድ ቦታ ቁም! የግቢውን ጠጠር ፈጨኸው። መኪናዋ ገና ከበር አልወጣችም፤ አንተ ግን ገደል የገባች ይመስል ላብ በላብ ሆነሃል። አንተ የፈራኸው ለመኪናዋ አይደለም።

ይትባረክ፦ አባቷ እምቢ ቢሉስ?

ጋሽ ወንድይራድ፦ ይላል እንጂ! በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አለ? “እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ” ይለናል፣ እንመለሳለን። እኔ የመጣሁት ለዚሁ አይደል? ይህን አንተም ታውቀዋለህ። ሌላ ነገር አለ። ትርሲት ምን አለችህ?

ይትባረክ፦ ምንም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ምንም ማለት?

ይትባረክ፦ አልነገርኳትም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ምኑን?

ይትባረክ፦ መምጣታችንን።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ይትባረክ!

ይትባረክ፦ ይስሙኝ ጋሼ። “መጀመሪያ ራሴ ለአባቴ ልንገረው፤ እስክደውልልህ ጠብቅ” አለችኝ። ከፋሲካ በፊት ነው እንዲህ ያለችኝ። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ ከእሷ በቀር ሰው የላቸውም። በደወልኩ ቁጥር “ዛሬም አልነገርኩትም” ትለኛለች። በኋላ መጠየቁንም ፈራሁት። ከዚያ ቲኬት ቆረጥኩ።

ጋሽ ወንድይራድ፦ ለእኔ ግን “ትርሲት ትጠብቀናለች” አልከኝ።

ይትባረክ፦ እውነቱን ብነግርዎ ይመጡ ነበር?

ጋሽ ወንድይራድ፦ አልመጣም! ለአባት ሳይነገር ይኬዳል፤ ልጅቷ ሳትፈቅድ ግን አይኬድም። ሰውዬው ጠርቶ “ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች የሚሉትን ታውቂያለሽ ወይ?” ቢላትስ? አውቃለሁ ብትል “ከእኔ ደበቅሽ?” ሊላት ነው። አላውቅም ብትል ደግሞ አንተ ቀረህ። አሁን የት ነው ያለችው?

ይትባረክ፦ እዚሁ ናይሮቢ፣ ሥራ ቦታዋ። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ቀትር ሠርታ ነው ወደ አባቷ የምትሄደው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ እዚሁ ከተማ ሆና ነው የምትደበቃት? ደውልላት።

ይትባረክ፦ አሁን?

ጋሽ ወንድይራድ፦ አሁን። አለዚያ ይቺን ሙሉ ልብስ እንደለበስኩ ወደ አውሮፕላኔ እመለሳለሁ።

ይትባረክ፦ ...ሄሎ፣ ትርሲትዬ። ደህና ነኝ። አይ፣ አላመመኝም። ናይሮቢ ነኝ። ...አዎ፣ ናይሮቢ። ከጋሽ ወንድይራድ ጋር። ...አዎ፣ ለእሱ ነው የመጡት። ትርሲት? አትጩኺ፣ ሰው ይሰማሻል። አውቃለሁ፣ ብለሽኛል... ጋሼ፣ እርስዎን ነው የምትፈልገው።

ጋሽ ወንድይራድ፦ አቤት ልጄ። ደህና ነሽ ወይ? ...እውነትሽን ነው። እኔም ገና አሁን ነው የሰማሁት። ...ተመለሱ ካልሽን ዛሬውኑ እንመለሳለን፤ አባትሽም ምንም አይሰማ። ...አይዞሽ፣ አታልቅሺ። ...ስንት ጊዜ ሞከርሽ? ...ወሬ ስትጀምሪ ወደ አበባው እየወጣ? ...ገብቶታላ! ገብቶት ነው የሚወጣው። እንዲህ ያለ ነገር ከልጅ አፍ መስማት ለአባትም ይከብዳል። ...እኛማ መሄጃም የለን። መኪናዋ አለች፤ እኔን በዕድሜ ከለከሉኝ፣ እሱን ደግሞ ወጉ ከልክሎታል። ...ማን? አንቺ? እንዴት ሆኖ? የራሷን ሽማግሌ ጭና የምትመጣ ልጅ እኔ... ...እ። ...እ። ...እሺ ልጄ። እጠብቅሻለሁ።

ይትባረክ፦ ዘጋችው? ምን አለች? ጋሼ!

ጋሽ ወንድይራድ፦ ከሥራ አስፈቅዳ እየመጣች ነው፣ መንጃ ፈቃዷን ይዛ። ስትደርስ ሁለተኛ ሹፌር ብለህ አስመዝግባት።

ይትባረክ፦ እሺ አለች ማለት ነው?

ጋሽ ወንድይራድ፦ አላለችም። እስከ ናይቫሻ ስለ አንተ የምትጠይቀኝ ነገር አለ። መልሴ ልቧ ውስጥ ከገባ አባቷ በር ላይ ታወርደኛለች። ካልገባ ሦስታችንንም ሽማግሌዎች ናይቫሻ ከተማ ውስጥ ምሳ ጋብዛ ትመልሰኛለች።

ይትባረክ፦ ምንድን ነው የምትጠይቅዎ?

ጋሽ ወንድይራድ፦ ላንተ መናገር ብትፈልግ ስልኩን ከእጅህ ታስወስድ ነበር?

ይትባረክ፦ ከኋላ ልቀመጥ ጋሼ። ትንፍሽ አልልም።

ጋሽ ወንድይራድ፦ “እሱ እዚያው ይቆይ” ብላለች።

ይትባረክ፦ እስክትመለሱ? እዚህ ጠጠር ላይ? አብዳለሁ! ደግሞስ መኪናዋ በእኔ ስም ናት። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን...

ጋሽ ወንድይራድ፦ ይትባረክ።

ይትባረክ፦ በታክሲ ልከተላችኋ! ራቅ ብዬ፣ እንዳታየኝ ሆኜ...

ጋሽ ወንድይራድ፦ ሳትጠራህ እንደምትመጣ ዛሬ አውቃለች። ቆይ ስትልህ መቆየት እንደምትችልም ትወቅ። ቁልፉን አምጣ።