ባለሰማያዊ መስመሩ ትራስ

ጋሼ መርፌ ያን ቅዳሜ ክር ሊገዛ ወጥቶ የእህቱን ልጅ መንገድ ላይ ባያገኛት ኖሮ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ በሰላም እየፈራ ይኖር ነበር። መርፌ ያሉት የስፌት ቤቱ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ድምፅ የለውም።

ልጅቷ ደብተሯን በብብቷ ሸጉጣ ትጣደፋለች።

«ወዴት ነው እንዲህ የሚያሯሩጥሽ?»

«ትምህርት ነው ጋሼ። የሰፈሩ ሰው በነፃ የሚማረው፤ የኢኮኖሚ ትምህርት።»

«ኢኮኖሚ የትልልቅ ሰዎች ነገር ነው። አንቺ ቁልፍ ሰፊ ነሽ!»

«ቁልፍ ስሰፋ የምውልበት ሰዓት የማን እንደሆነ ነው የምንማረው። ዋጋውን ማን ይቆርጣል? እኛስ ለምን አንጠይቅም? ዛሬ የስፌት ቤታችንን ነገር ላነሳ ነው። ደወል ከተደወለ በኋላ በነፃ የምንሠራትን ሰዓት።»

ጋሼ መርፌ ግራ ቀኙን ቃኘ።

«ድምፅሽን ቀንሺ! ስትቀጠሪ ዋስሽ ማን እንደነበር ረሳሽው? አሠሪያችን አንቺን ሲያባርር እኔን ያስቀረኛል? በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ዓይኔ ማን ይቀጥረኛል?»

«ከፈሩ ለምን መጥተው አይሰሙም?»

«መጥቼ አፍሽን ልይዝ ነው እንጂ!» አለና ተከተላት።

ለእሷ ያልነገራት ሌላ ፍርሃትም ነበረው። ዓርብ ዓርብ አሠሪው ወደ ዕቃ ቤቱ ጠርቶ አንድ ጥቅል ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሰጠዋል። «ላንተ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ጆሮ ከደረሰ፣ ጨርቁም ቀረ፣ አንተም ቀረህ» ይለዋል። ጋሼ መርፌ ጥቅሉን ከኮቱ ሥር ሸሽጎ ቤቱ ይገባል። ትራሱም መጋረጃውም የተሰፋው ከዚያ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ውለታ አፉን ለጉሞት ኖሯል።

ትምህርቱ የሚሰጥበት የሰፈሩ ትምህርት ቤት አግዳሚ ለሕፃናት የተሠራ ስለሆነ አስተማሪዋ በዚህ ሳምንት ሁሉም ከቤቱ መቀመጫ ይዞ እንዲመጣ ነግራ ነበር። እሷ ጡረታ የወጣች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ጋሼ መርፌ አልቀመጥም ብሎ ከበሩ ሥር፣ ከተማሪዎቹ ኋላ ቆመ። ከእሱ ሌላ ያሉት የስፌት ቤቱ ሰዎች ስድስቱም በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። እሱ እነሱን ሲቆጥር ልጅቷ የያዘችውን ተናግራ ጨረሰች።

«እሺ፣ ያቺን ሰዓት አይከፈላችሁም። ታዲያ ለምን ትቆያላችሁ?» አለች አስተማሪዋ።

ከስድስቱ አንዷ፣ ልብስ ተኳሿ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «አሠሪያችን ለእኔ ደግ ነው። ለምን እንደሆነ ግን አልናገርም» አለች።

ጨርቅ ቆራጩ ደንግጦ አያት። «ለአንቺም?»

ጋሼ መርፌ ይህን ጊዜ ነው ዓይኑን ዝቅ ያደረገው። ከኋላ ለቆመ ሰው የሁሉም መቀመጫ ይታያል። ሰማያዊ መስመር፣ በመሀሉ አንዲት ቀይ ክር። ያ ጨርቅ በገበያ የለም፤ አምና ለአንድ ሆቴል አንሶላ የሰፋው ራሱ ነው። ከልጅቷ የታጠፈ ሻርፕ በቀር፣ አምስቱም የተቀመጡት ከዚያው ቁርጥራጭ በተሰፋ፣ እሱ ቤት ባለው ዓይነት ትራስ ላይ ነው። መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ አፈረ፣ ከዚያ ደሙ ፈላ።

«ተነሱ!» አለ። ድምፁን ራሱም አላወቀውም። «ተነሱና የተቀመጣችሁበትን እዩ!»

ተነሱ። አዩ። ልብስ ተኳሿ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ቁርጥራጩን በስውር ሲሰጠኝ ‹ላንቺ ብቻ› ነበር የሚለኝ!» አለች።

«በስውር የሰጣችሁ ለምን ይመስላችኋል?» አለች አስተማሪዋ።

«እንዳንተያይ» አለ ጋሼ መርፌ። ወዲያው ደግሞ ፍርሃቱ ተመለሰበት። «ግን እሜቴ፣ ቢያባርረንስ?»

«አላታልልዎትም፣ ሊያባርር ይችላል። አንድ ሰው ማባረር ለእሱ ቀላል ነው። ሰባቱን ባንድ ቀን ካባረረ ግን የተቀበለውን ሥራ በማን እጅ ያደርሳል? እሱ እንደሚያስፈልጋችሁ ሁሉ እናንተም ታስፈልጉታላችሁ። ይህን ሒሳብ ነው እስከ ዛሬ ሳትሠሩት የቀራችሁት።»

የዚህ ዓይነት ትምህርት ኪስ አይሞላም። አጠገብ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሸከም ያሳያል፤ ጋሼ መርፌ በአሥራ ሁለት ዓመት ያላየውን ያየው በአንድ ከሰዓት ነው።

ሰኞ የመውጫው ደወል ሲደወል ወደ ማሽኑ የተመለሰ አልነበረም። ሰባቱም አሠሪው ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። ጋሼ መርፌ ትራሱን ከኮቱ ሥር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አምስቱም የየራሳቸውን ደረቡበት።

«አንተ እንኳ?» አለ አሠሪው።

«እኔም ጌታዬ። ያቺን ሰዓት ወይ ይክፈሉን፣ ወይ ይልቀቁን።»

አሠሪው ከሰባቱ የፈራውን ለይቶ ሊይዝ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ሁሉም ይፈሩ ነበርና ለይቶ የሚይዘው አጣ። «በሉ ሂዱ» አለ በመጨረሻ፤ «ከነገ ጀምሮ የምትቆዩባትን እከፍላለሁ።»

ልብስ ተኳሿ ያን ቀን ልጆቿ ሳይተኙ ደረሰች። ጋሼ መርፌም ትራሱን ከጠረጴዛው አንስቶ በብብቱ ይዞ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሰው እያየው በዋናው መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ። ኮቱን አልቆለፈም።