በእናታቸው ሆድ የተራቡ ጊደሮች

አገር ምድሩ ጋሽ ፉርሽካ እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ወተት ከሚሸጡ እናታችንና ከከብት ደላላው አባታችን ከስልሳ ሦስት ዓመት በፊት ሲወለዱ፣ ከማልቀሳቸው አስቀድሞ እንደ ጥጃ «እምቧ» ብለዋል፤ የሚጠራጠር እናታችንን በጠየቀ ነበር፣ ምን ይሆናል፣ እሳቸውም አልፈዋል።

መምህሮቻቸውን በጥያቄ ላብ በላብ እያደረጉ ከእንስሳት እርባታ ኮሌጅ ተመርቀው፣ በወተት ላሞች እርባታው የመኖ ኃላፊ ሆነው፣ ወተት መዝጋቢዋን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ላም ከሩቅ አይተው ቁርሷን ይናገሩ ነበር።

ድርቅ ገብቶ መኖ ያጠረ ዓመት ግን፣ «የማትታለብ ላም ቀለብ ምን ያደርግላታል?» ብለው ፉርሽካውን ለሚታለቡት አድልተው፣ ያረገዙትንና የነጠፉትን ላሞች በባዶ ጭድ አከረሟቸው። ወተቱ አልቀነሰምና በጭብጨባ ተመሰገኑ።

በዚያ ዓመት የተወለዱት ሠላሳ አንድ ሴት ጥጆች እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ቆዳ ያላቸው ጊደሮች ሆኑ፤ ቢዳቀሉ ቢዳቀሉ ግን ፅንስ የያዙት አራት ብቻ፣ የአራቱም ወተት ድመት የማያጠግብ ነበር። ወንድማችን ላሞቹን የሚያዳቅሉትን የእርባታውን አዳቃይ «እጅህ ደርቋል!» ብለው በሠራተኛ ፊት አዋርደው፣ ሃያ ዓመት ካገለገሉበት ሥራ አስባረሯቸው።

ባለቤታቸው መዝገቡን ዘርግተው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከድርቁ በፊት የተወለዱት በዚሁ ሰው እጅ ይዘው የለም እንዴ? የነዚህ እናቶች እኮ ጭድ ላይ ነው የከረሙት» ባሏቸው ቀን፣ ወንድማችን ቁመታቸው በክንድ አጠረ። ከዚያ ወዲያ በኮት ኪሳቸው ሳይቀር ፉርሽካ ተሸክመው፣ በማኅፀን የጎደለውን በገንዳ ሊሞሉ ሁለት ዓመት ደከሙ፤ ከቀሩት አንዲት ጊደር እንኳ አልያዘችም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አዳቃዩ ይመለሱ፣ ያረገዘች ላም አትራብ እያሉ ለእርባታው ቦርድ መቶ ደብዳቤ ጻፉ። ቦርዱ «ያልተወለደ ጥጃ ረሃብ ያስታውሳል?» ብሎ ስቆ፣ ጊደሮቹን ቄራ ሰደደ፤ ማስረጃውም አብሮ ታረደ።

ጡረታ ወጥተው፣ ኩላሊታቸው ታሞ በተኙበት አልጋ ከቦርዱ መልስ መጣ ወይ እያሉ ሲጠይቁ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ አርፈዋል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኛን ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም ይቅርታቸውን ተቀብለው ሥራቸውን ያላገኙትን፣ እዚያ ከኋላ የቆሙትን አዳቃይ ትተው ሄደዋል። ሊቀብሯቸው የመጡት የእርባታው ሠራተኞችም ዛሬ ጠዋት ላረገዙትና ለነጠፉት ላሞች ያንኑ ባዶ ጭድ ሰጥተው ነው የመጡት። ፈጣሪ በሕይወት ያጡትን ዕረፍት ለነፍሳቸው ይስጥልን።