ሁለቱም ይስላሉ

እንደምን ዋሉ ጋሼ? ሥራ እንዴት ይዞዎታል? ዛሬ ደግሞ መስታወቱ ሁሉ ተወልውሎ ሱቅዎ እንዴት አምሯል! ኧረ አይነሱ፣ በሞቴ አይነሱ... መጋዙን እንደያዙ ይቀጥሉ። እኔ ለራሴ የማሠራው ፍሬም የለኝም። ወንድሜን አጅቤ ነው የመጣሁት፤ ሰባት ሸራ ብቻውን አይችልም ብዬ። ያውልዎ፣ ጥጉ ጋ ቆሞ ናሙና እያገላበጠ ነው። ተረጋግቶ ይምረጥ፣ የሚፈለገው ለቅዳሜ ነው።

የእርስዎ ሥራ እኮ ደስ ይላል። የሰውን ልፋት ዙሪያውን ይዘው ያስከብሩታል። እኔማ ስለ ሥዕል ምን አውቅና? ተማሪ ሆኜ «ቤት ሳዪ» ስባል ጣሪያው ሁልጊዜ ይንጋደድብኝ ነበር። ግን አንድ የማውቀው ሰው አለ... ትልቅ ሰው ነው፣ ባለትዳር፣ የልጆች አባት፣ ቢሮ የሚውል። በአርባ ሰባት ዓመቱ ሥዕል ጀመረልዎ! እሁድ እሁድ ኮርስ ገባ። እሰይ አልን። መጠጥ ቢጀምርስ ኖሮ? መጠጥ ቢሆን ግን... ውጭ ውጭውን ነበር የሚያልቀው፤ የማንንም ክፍል አይፈልግም ነበር።

አድናቂነቱን ቢያዩ ይገረማሉ። የታወቁትን ሥዕሎች ከነታሪካቸው ያውቃቸዋል። ያችን ፈገግ ያለችውን ሴትዮ፣ የሱፍ አበባዎቹን፣ ሁሉንም በከለር አሳትሞ ግድግዳው ላይ ለጥፏል። ያ የሱፍ አበባውን የሳለው ሰውዬ ጆሮውን ቆርጧል የሚባለው እውነት ነው? ምስኪን። የኛው... ማለቴ እኔ የማውቀው ሰውዬ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁለቱም ጆሮዎቹ አሉ። መስማቱን ነው እንጂ የተወው።

አንድ ቀን የአንዲት አሮጊት እጅ የተሳለበት ሥዕል አሳየን። ጣቷ የተጣመመ፣ ቆዳዋ የተጨማደደ። «እዩት እስቲ! በየመስመሩ ስንት ዘመን ድካም አለ!» አለና እንባው መጣ። የምሬን ነው፣ አለቀሰ፤ ልበ ስስ ነው። እናቱ ያን ሰዓት ጓሮ ነበሩ፣ ቀለም የነካውን ሸሚዙን በቀዝቃዛ ውሃ እያሹ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። እሱ ምን ያድርግ? የእሳቸው እጅ ግድግዳ ላይ አልተሰቀለ፣ በምን ይየው?

ወንድምዬ፣ ምነው ቀና አልክ? ስላንተ መሰለህ እንዴ? አንተ ምርጫህን ቀጥል። ያ ወርቃማው ጥሩ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ብዙ ነገር ይሸፍንልሃል።

እና ምን እያልኩዎት ነበር... አዎ፣ ብርሃን። ሰዓሊ ብርሃን ይፈልጋል አይደል? በዚያ ቤት ደህና ብርሃን የሚገባው ደግሞ በእናቱ ክፍል መስኮት ብቻ ሆነ። ታዲያ ምን ይደረግ? ክፍሉን የጠየቀችው ጥበብ ናት እንጂ እሱ አይደለም። አልጋቸውን ኮሪደር ላይ አወጣላቸው፣ ፍሪጁ አጠገብ። መጋረጃም ጋርዶላቸዋል፤ መቼም አሳቢ ነው። እና አሮጊት ብርሃን ምን ይሠራላታል? መስኮቱ ጋ ተቀምጠው መንገደኛ ማየት ብቻ ነበር ሥራቸው። ይኼ ሥራ ነው? አሁን ፍሪጁን ያያሉ። እሱም ቢሆን ሲከፈት ይበራል።

የቲነሩ ሽታ በበሩ ሥር እየወጣ ኮሪደሩ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ ሁለቱም ይስላሉ፤ እሱ በብሩሹ፣ እሳቸው በደረታቸው። የራቀውን አሳንሰህ የቀረበውን አተልቀህ ሳል ይለዋል አሉ አስተማሪው። የሱ አሳሳል ግን ለየት ይላል፤ እሱ ጋ የሚያንሰው የቀረበው ነው።

ውለታ ቢስ ነው እያልኩ እንዳይመስልዎ! እናቱንም ስሏቸዋል። በትልቅ ሸራ፣ በዘይት ቀለም። ግንባራቸው፣ አገጫቸው፣ ሻርፓቸው ሳይቀር ቁርጥ እሳቸውን። ያስቸገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓይን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይን ማውጣት ከበደው። እኔ እንኳ እንደማውቀው... ዓይን ማውጣት የሚከብደው ሰው አልነበረም። በኋላ ምን ዘዴ መጣለት መሰለዎ? ጨፍነው ሳላቸው! እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጨፍነው። በቃ፣ ተገላገለ።

ሥዕሉ ሳሎን ተሰቀለ። በቀደም አለቃው ሊጠይቀው መጣና ሥዕሉን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። «ነፍሳቸውን ይማር፣ መቼ ነው ያረፉት?» አለ። እናትየው ለእንግዳው ውሃ ይዘው ከጓዳ እየወጡ ነበር። ሰምተዋል። ብርጭቆውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና... «አሜን» አሉ። እሱ አላረመውም። ለአለቃው የአቀባቡን ዘዴ እያስረዳ ነበራ! እኔ መጀመሪያ ሲነገረኝ ሳቅሁ፣ ጋሼ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን አለቀስኩ። ጥሩ ሥዕል ያስለቅሳል የሚሉት ለካ ውሸት አይደለም።

ቅዳሜ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ኤግዚቢሽን አለው። የተከበሩ እንግዶች ተጠርተዋል። ታዲያ አልጋው መተላለፊያ ይዘጋል ብሎ፣ እናቱን ለጥቂት ቀን እህቱ ዘንድ ላቆያቸው አለ። ለጥቂት ቀን... አልጋውን ግን ለሰው ሰጥቶታል። ሥዕላቸው ይቀራል፣ እሳቸው ይሄዳሉ። በእርግጥ ሥዕሉ ይሻላል፤ አይበላ፣ አይታመም፣ ዞር ብሎም አያይ። እናትየው ምን አጠፋሁ አላሉም። ልብሳቸውን በአንድ ቦርሳ ከተው ተቀምጠዋል። «እንግዶቹ ስለኔ ከጠየቁት እንዳይሳቀቅ፤ እንደ ሥዕሉ ናት ይበላቸው» አሉኝ... ምን ነካኝ፣ አሏት፤ እህትየዋን ማለቴ ነው።

ጨረስክ ወንድምዬ? ወርቃማውን? ጎሽ። እኔም ልሂድ፣ ጋሼ፣ ዛሬ እንግዳ አለብኝ። የራሴን አልጋ ወደ ልጆቹ ክፍል ገፍቼ፣ መስኮት ያለውን ክፍል አዘጋጅቼላቸው ነው የመጣሁት። ለጥቂት ቀን የሚባለውን እኔ አላውቅበትም። እኔ ቤት የገቡ እናት ተመልሰው ኮሪደር አይወጡም፤ የሚናፍቃቸው ካለ ሥዕላቸውን ይይ።

በሉ፣ ያንን የማውቀውን ሰውዬ ሳንመርቀው አንለያይ። እጁን ይባርክለት። ስሙን ያስጠራለት። ዕድሜውን እንደ እናቱ ያርዝምለት። ልጆቹንም ያሳድግለት፤ ሙያውን ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ይውረሱለት። በስተርጅናው ጊዜ ደግሞ፣ እሱ እናቱን በያዘበት እጅ እነሱም እሱን ይያዙት።