ያልተቋረጠ መስመር

በአንዲት የቆላ መንደር፣ ሣሩ ሁሉ በደረቀበት የበጋ ወር፣ የወፍጮ ቤት ባለቤቷ እትዬ ትርንጎና ከወረዳው ከተማ የመጣው የመብራት ሠራተኛ ዳምጠው ከአንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ቆመው ይከራከራሉ።

ትርንጎ፦ እኔ የለመንኩህ እንድታየው አይደለም፤ እንድትቀይረው ነው።

ዳምጠው፦ እትዬ፣ ቤትዎ መብራት አለ?

ትርንጎ፦ አለ።

ዳምጠው፦ እንግዲያው መስመሩ አልተበላሸም። እኛ የምንጠግነው የተበላሸ ነው።

ትርንጎ፦ ያ ሁለቱን ሽቦ የያዘው ብረት ነፋስ በመጣ ቁጥር ብልጭ ይላል። ከሥሩ ያለውን ሣር ደግሞ አንተው ታየዋለህ፤ ወገቤ ይደርሳል።

ዳምጠው፦ ማያያዣው ላልቷል። ሲላላ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ የባሰ ይላላል። አንድ ቀን ይቀልጥና ሽቦው ይወድቃል።

ትርንጎ፦ የት?

ዳምጠው፦ ሣሩ ላይ።

ትርንጎ፦ ያኔ ትመጣለህ።

ዳምጠው፦ ያኔማ እመጣለሁ። ተበላሽቷላ።

ትርንጎ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዳምጠው፦ ምን ላድርግ ብለው ነው? ለአለቃዬ ደወልኩለት። «መብራት አለ ወይ?» አለኝ። «አለ» አልኩት። «ታዲያ ምን ሆንክ?» ብሎ ዘጋብኝ።

ትርንጎ፦ አምና ከወንዙ ማዶ ሽቦ ሲወድቅ ነበርክ?

ዳምጠው፦ ያኔ ገና አልተመደብኩም ነበር። ሜዳው ተቃጠለ ሲባል ግን ሰምቻለሁ።

ትርንጎ፦ ታናሽ ወንድሜ ጥጆቹን ላውጣ ብሎ እሳቱ ውስጥ ገባ።

ዳምጠው፦ እና?

ትርንጎ፦ ጥጆቹ ወጡ።

ዳምጠው፦ ነፍስ ይማር፣ እትዬ።

ትርንጎ፦ ይማር። መኪናህ ላይ፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ዳምጠው፦ አዲስ ማያያዣ ነው። የዚህ ግን አይደለም።

ትርንጎ፦ አይገጥምም?

ዳምጠው፦ መግጠሙንስ ይገጥማል። የታዘዘው ለከተማው አዳራሽ ነው። ነገ ይመረቃል፤ እንግዶች ይመጣሉ።

ትርንጎ፦ የአዳራሹም ላልቷል?

ዳምጠው፦ ኧረ ደህና ነው። ምናልባት ንግግር ሲደረግ መብራት እንዳይጠፋ፣ ለጥንቃቄ ይቀየር ተብሎ ነው።

ትርንጎ፦ ለካ ሳይበላሽም ይጠገናል።

ዳምጠው፦ እ... እንደ ቦታው ነው።

ትርንጎ፦ መብራቱ ቢጠፋስ እንግዶቹ ምን ይሆናሉ?

ዳምጠው፦ ምን ይሆናሉ፣ በጨለማ ይቀመጣሉ።

ትርንጎ፦ እኛ ደግሞ ከነመብራታችን እንቃጠላለን።

ዳምጠው፦ እትዬ፣ ከሥራ ያባርሩኛል።

ትርንጎ፦ ወፍጮ ቤቱ ሰው ይፈልጋል።

ዳምጠው፦ ዱቄት ያስነጥሰኛል።

ትርንጎ፦ ከጢስ ይሻላል። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ልጄ።

ዳምጠው፦ እሺ ልቀይረው እንበል። መጀመሪያ መስመሩን መቁረጥ አለብኝ። ወፍጮዎ እስኪመሽ ይቆማል። ያ ጆንያውን ደርድሮ ተራ የሚጠብቅ ገበሬ ሁሉ እኔን ነው የሚረግመው። እርስዎም አብረው ይረግሙኛል።

ትርንጎ፦ ወፍጮውን ያጠፋሁት አንተ ሳትመጣ ነው። ገበሬው የታለ? ጆንያው ብቻ ነው እኮ የቆመው።

ዳምጠው፦ የት ሄዱ?

ትርንጎ፦ ዞር በል። በሽቦው ሥር ሣሩን እያጨዱ ናቸው።

ዳምጠው፦ በሉ ይምጡ፣ መሰላሉን ይያዙልኝ።